የወጌሻው ልጅ አጥንት

አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ስምንት ጊዜ ተሰብሬያለሁ። ስድስቱን ያሰረው አባቴ ነው። ስምንተኛውን ደግሞ የሰበረው አባቴ ነው።

ይህን ሲያነብ የሚደነግጥ ሰው ይኖር ይሆናል። አባቴን የሚያውቅ ግን አይደነግጥም፤ ነገሩ እንዴት እንደሆነ እሱ ራሱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ ገበያም ላይ ሳይቀር ተናግሮታል። እኔም ዛሬ በራሴ ቃል የምጽፈው፣ ልጃቸው በማይረባ ምክንያት እየተሰበረ ግራ ለተጋቡ እናትና አባት ነው። እኛ ዓመታት የተንከራተትንበትን መንገድ እነሱ በወራት ቢጨርሱት ደስ ይለኛል።

ቤታችን ሀዲያ ውስጥ፣ ከጃጁራ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት የማይሞላ ነው። አባቴ ገበሬ ነው፤ እንሰት፣ ስንዴና ጥቂት ከብት አለን። ሰው የሚያውቀው ግን በወጌሻነቱ ነው። ከአባቱ ነው የወረሰው። ከሀቢቾ በኩል፣ አንዳንዴም ከከምባታ ከአዲሎ ድረስ፣ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ተይዞ ይመጣለታል። የተሰበረበትን ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ ዳብሶ ያገኘዋል። ያቃናዋል፣ በቀርከሃ ስንጥር ይደግፈዋል፣ በጨርቅ ያስረዋል። ልጅ ሳለሁ ከእሱ እጅ በላይ የሚያውቅ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የመጀመሪያው ስብራቴ ዓመት ከስድስት ወር ሲሆነኝ ነው። እናቴ አጥባኝ ልብስ ስታለብሰኝ እግሬን ሳብ አደረገችው። “እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁት” ትላለች። ያኔ ጆሮዋ ገና ደህና ነበር። ጭኔ ነው የተሰበረው። አባቴ አሰረው፤ ገጠመ። አራት ዓመት ሲሆነኝ ጭቃ አንሸራትቶኝ የግራ ክንዴ ተሰበረ። አባቴ አሰረው፤ ገጠመ። በአምስት ዓመቴ ትከሻዬ፣ በስድስት ዓመቴ ያው የመጀመሪያው ጭኔ እንደገና። ይህኛው ሲገጥም ቀስት ሆኖ ገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሬ ከግራው ያጥራል።

ያን ጊዜ ሰው ማውራት ጀመረ። አንዳንዱ ቤታችንን የሚጠላ ሰው ድግምት አስደርጎብን ነው ይላል። ሌላው እናቴ እርጉዝ ሳለች ያልበላችውን ነገር ያነሳል። አባቴን ክፉኛ የጎዳው ግን የገዛ ታላቅ ወንድሙ ቃል ነው። አንድ ቀን እኔ በተኛሁበት፣ “የሰው ልጅ ታቆማለህ፤ የራስህን ልጅ ግን ማቆም አቃተህ” አለው። ከዚያ በኋላ ለመታሰር የሚመጣው ሰው እያነሰ ሄደ። አባቴም ወደ ሐኪም ውሰዳት የሚለውን ሁሉ መስማት አልፈለገም። ልጄን ሐኪም ቤት ከወሰድኩ ማን ይመጣልኛል ብሎ ነው። በኋላ ራሱ እንዲህ ብሎ ነግሮናል፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ከበርጩማ ላይ ስነሳ የታችኛው እግሬ ተሰበረ። አባቴ ያን ቀን ሩቅ ቦታ ለቅሶ ሄዷል። እናቴ ሳትጠብቀው አዘለችኝና መንገድ ላይ ወጣች፤ መኪና ተሳፍረን ስሟን ወደማልጠራት ከተማ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። የእናቴ አማርኛ ጥቂት ነው፤ ጆሮዋም በዚያን ጊዜ ከብዷል። ስለዚህ የምተረጉምላት እኔ ነበርኩ፤ አማርኛውን ከቤተ ክርስቲያን ከመዝሙሩ ለምጄዋለሁ።

ባለሙያው ራጁን መስኮት ላይ ከፍ አድርጎ አየው። ከአዲሱ ስብራት ሌላ አሮጌዎቹ ሁሉ ወጥተዋል። ዞሮ እናቴን አያት።

“ማነው ይህችን ልጅ የሚመታት?” አለ።

እናቴ አልሰማችውም። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ “ምን አለ?” አለችኝ። በሀዲይኛ ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ “ማን ነው የሚመታት፣ ይልሻል።” ሰባት ዓመቴ ነው። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። “እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት፣ በዪው” አለችኝ። እኔም “እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት ትላለች” አልኩት። ሰውየው አንድ ነገር ጻፈ። በእሱ አልፈርድም፤ የሚመቱ ልጆች አሉና መጠየቁ ደግ ነበር። እንደማንዋሽ ማየት አለመቻሉ ነው ያሳዘነኝ። በመጨረሻ የካልሲየም እጥረት ነው ብሎ እግሬን በጀሶ አሰረው፣ ኪኒን ሰጠን፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጧት አለ።

አባቴ ሲመለስ ጀሶውን አየ። ነጭ፣ ወፍራም፣ የሌላ ሰው ሥራ። ለእናቴ ሰንበት እስኪያልፍ ቃል አልተናገራትም። በመጨረሻ እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው። “አንተ የተሰበረውን ትጠግናለህ” አለችው፤ “ለምን እንደምትሰበር ግን ታውቃለህ?” አባቴ ተነሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። አያውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ቁጭ ብዬ መዋል አቃተኝ፤ አንደኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ቤት ቀረሁ። ከእናቴ ጋር ሌላ ጤና ተቋም ሄድን፤ የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል ተብሎ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ሽንቴ ቀይ ሲሆን እናቴ ደም መስሏት አለቀሰች፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ተባልን። ወራት ወሰድኩት፤ ወገቤ ግን ያው ነው። በመካከሉም ስድስተኛው ስብራት መጣ፤ ስስቅ ያልጠበቅኩት ሳል ይዞኝ ጎኔ ተሰበረ። አባቴ በሰፊ ጨርቅ አሰረው። ሳል ፈራሁ፤ ሳቅም ፈራሁ። ቤት ውስጥ ተኝቼ የመዝሙር ደብተር እያነበብኩ ማንበብን ራሴ ጨረስኩት። ያኔ ለምን ይህ ሁሉ በእኔ ላይ ሆነ ብዬ አላማረርኩም። እንደዚህ ያለ ሌላ ልጅ በዓለም ላይ የለም ብዬ ግን አምን ነበር፤ ከሕመሙ ይልቅ የሚከብደው እሱ ነው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ስብራት በአሥር ዓመቴ፣ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ናቸው። ግድግዳ ይዤ ደጃፉን ስሻገር ወድቄ የቀኝ እጄ ከክርን በታች ተሰብሯል። አባቴ እንደ ልማዱ አቃንቶ አሰረው። ሥራው አልቋል። ክንዴን ቀስ ብሎ ወደ ደረቴ አጥፎ በአንገቴ ሊያንጠለጥለው ከፍ አደረገው። ከክርኔ በላይ፣ እሱ በያዘበት፣ ቀጭ አለ።

እጁን አላነሣም። ቢያነሣው የባሰ እንደሚያመኝ ያውቃል። እንደያዘኝ ቁጭ አለ። ላብ በግንባሩ ወረደ።

“አባባ፣ አንተ አይደለህም” አልኩት።

“እኔ ነኝ” አለ። “ግን አልጫንኩም። ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አልጫንኩም።” ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ እናቴ እንድትሰማው ጮክ አለ፦ “ልብሷን አዘጋጂ። ሆሳዕና እንሄዳለን። ይህ ከእጄ በላይ ነው።”

ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ ጃጁራ አደረሱኝ። ሚኒባሱ ውስጥ አባቴ ሹፌሩን ቀስ እንዲል ለመነው። ሹፌሩ እስከ ሆሳዕና በእግረኛ ፍጥነት ነዳ ማለት ይቻላል። ከተሳፋሪው አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም፤ አንዲት ሴት በየጉድጓዱ “ቀስ፣ ቀስ” ትለው ነበር። እነዚያን ሰዎች ዛሬ ባገኛቸው አላውቃቸውም፤ ግን እንዳመሰግናቸው ይታወቅልኝ።

ሆሳዕና ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ክንዴን አሳስሮ ሲጨርስ ዓይኔን አየ፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞረ። “እናት፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ” አላት። የእናቴ ዓይን ነጩ ክፍል ሰማያዊ ጥላ አለበት። ወጣት ሳለች በአካባቢው የታወቀችበት ውበቷ ነው፤ በሠርጓ ዕለት ዓይኗ ተዘፍኖለታል። የእኔም እንደዚያው ነው።

“ጆሮዎስ ከመቼ ጀምሮ ነው የከበደዎት?”

ተረጎምኩላት። “ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ” አለች። “ብርድ ነው ያሉኝ።”

ወጣቱ ሐኪም ወንበሩ ላይ ተደገፈ። “እንዳልሳሳት እፈራለሁ” አለ። “ይህን በሽታ ተምሬዋለሁ እንጂ አክሜው አላውቅም። የሚያክሙት አዲስ አበባ አሉ፤ ዛሬውኑ እጽፍላችኋለሁ።” አላውቅም ለማለት ያላፈረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያ ወረቀት አዳነን።

አዲስ አበባ አንድ የአገራችን ሰው ቤት አረፍን። ለጉዞውና ለመድኃኒቱ አባቴ በሬውን ሸጧል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አዋጥታለች፤ ከዚያ በላይ ስለ ገንዘብ አላወራም። የሆስፒታሉ መጠበቂያ አዳራሽ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለው። እናቴ ነጠላዋን አጥፋ ከሥሬ አነጠፈችልኝ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ልጅ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። እግሯ እንደ እኔ የጎበጠ ነው። ቀና ስትል የዓይኗ ነጭ ሰማያዊ ነው። እሷም አየችኝ። አልተነጋገርንም፤ ከየት እንደመጣችም አላውቅም። እስክትጠራ ድረስ ተያየን። ብቻዬን አለመሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት የተሻለኝ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ይመስለኛል።

ካርድ ክፍል የአባቴን ሥራ ሲጠይቁት “ገበሬ” ብሎ አስመዝግቧል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሁላችንም ምን እንደደበቀ ገብቶናል።

ዶክተሯ ጠና ያሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። ራጆቹን አንድ በአንድ ብርሃኑ ላይ ሰቀሏቸው። የበሽታውን ስም ነገሩን፤ ኦስቲዮጄነሲስ ኢምፐርፌክታ። ስሙን ለመያዝ አትጨነቁ ብለው በቀላሉ አስረዱን። “አጥንት እንደ ቤት ነው። በሰውነታችን ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚሠሩ አሉ፤ ሁለቱም ሥራ አያቆሙም። የእሷ ቤት የሚሠራበት እንጨት ሲፈጠር ጀምሮ ደካማ ነው፤ በዚያ ላይ የሚያፈርሱት ከሚሠሩት ይፈጥናሉ። የምንሰጣት መድኃኒት የሚያፈርሱትን ያዘገያቸዋል።”

“ያድናታል?” አለ አባቴ።

“አያድናትም፤ በዘር የመጣ ነው፤ የእናቷ ዓይንና ጆሮም ከዚሁ ነው። ያጠነክራታል። ትሰበራለች፣ ግን እንደ እስካሁኑ ቶሎ ቶሎ አይሆንም። ወገቧን አያማትም። ትቆማለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።”

ከዚያ ወደ አንደኛው ራጅ ተመለሱ። “ይህን የግራ ክንድ ማነው ያሰረው?”

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ሊቆጡት ነው ብዬ ፈራሁ። ቆቡን በእጁ እያገላበጠ ብድግ አለ።

“ዶክተር፣ ገበሬ ነኝ ብዬ ነው ያስጻፍኩት። ወጌሻም ነኝ። እኔ ነኝ ያሰርኩት።”

“ቀጥ ብሎ ገጥሟል” አሉ። ሌላውን ራጅ በጣታቸው ነኩት። “ይህ ጭን ግን ጎብጧል።”

“እሱንም እኔ ነኝ።”

“እሱን ያለ ኦፕራሲዮን እኔም አላቃናውም ነበር። ይቀመጡ አባት።” አባቴ ተቀመጠ። ዶክተሯ ወንበራቸውን ወደ እሱ አስጠግተው እንደ ሥራ ባልደረባ አወሩት። የጠበቀ እስር ደም አግዶ የሰው እጅ እንዳስቆረጠ፣ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው መፍታት እንደሚገባ ነገሩት። “ደግሞ ልለምንዎት፤ ልጅ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ዘንድ ይመጣል። ያለ ከባድ አደጋ ሁለት ጊዜ የተሰበረ ልጅ ካዩ አይሰሩት። ደግፈው ወደ ሆስፒታል ይላኩት።” አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ክፍል ሲወጣ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

እናቴ ግን ኮሪደሩ ላይ ቆመች። “ከእኔ ነው የመጣባት” አለች። “ከእኔ ዓይን፣ ከእኔ ደም።”

አባቴ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። አልሰማችውም። ደገመው፤ አሁንም አልሰማችውም። በሦስተኛው በሀዲይኛ ጮክ ብሎ፣ ኮሪደር ሙሉ ሰው እየዞረ እያየው፣ “ዓይንሽን አይቼ ነው ያገባሁሽ፤ ዛሬም አልጸጸትም” አላት። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ላይ ሳቀ። እናቴም እያለቀሰች ሳቀች። አባቴ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ እሱም ከዚያ ወዲህ አልደገመውም።

መድኃኒቱ ዞሌድሮኒክ አሲድ ይባላል። ወዲያው አልተሰጠኝም። መጀመሪያ ጥርሴ ታየ፣ ደሜ ተመረመረ፣ ለሳምንታት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ወሰድኩ፤ ያለዚያ የሰውነት ካልሲየም በድንገት ሊወርድ ይችላል ተባልን። ይህን የምጽፈው ማንም መድኃኒቱን በራሱ ገዝቶ እንዳይሞክር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ክንዴ ላይ እንደ ግሉኮስ ተንጠለጠለልኝና በቀስታ ወረደ፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ይኸው ነው እንዴ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ትኩሳት ያዘኝ። የተሰበርኩባቸው ቦታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የታመሙ መሰለኝ። እናቴ መድኃኒቱ ሊገድላት ነው አለች። ግን ዶክተሯ አስቀድመው ነግረውናል፤ የመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፣ የትኩሳት ማስታገሻ ስጧት፣ ውኃ አብዙላት፣ በሦስተኛው ቀን ይለቃታል ብለዋል። በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ፍርሃትን የሚያቀለው አስቀድሞ መንገር ነው።

ከዚያ በኋላ በየስድስት ወሩ ነበር። በየጊዜው አዲስ አበባ መመላለስ እንዳይከብደን ዶክተሯ ለሆሳዕና ሆስፒታል ደብዳቤ ጻፉ። እዚያ ያሉ አንዲት ሲስተር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ስልክ ደውለውም አረጋገጡ። መርፌውን ሲያስገቡ ክንዴን በላስቲክ አጥብቀው አላሰሩም፤ በጣታቸው ብቻ ጫን አድርገው ደም ሥሬን አገኙት። ጠብታው እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኝ ነበር። “ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?” ሲሉኝ “አልማርም” ማለት አሳፈረኝ። በሁለተኛው ዓመት ልመልስላቸው ወስኜ ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁለተኛው መድኃኒት በኋላ ነው የወገቤ ሕመም የተወኝ። አንድ ቀን ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ስጫወት ውዬ ሲመሽ፣ አንዴም ጋደም አለማለቴን ያስተዋለችው እናቴ ናት። አባቴ በማግስቱ ወደ ቀርከሃው ገባ። ግቢው ውስጥ ሁለት ረጃጅም መደገፊያዎች በወገቤ ልክ ሠራልኝ፤ በመካከላቸው እየያዝኩ እንድሄድ። በመጀመሪያው ቀን አራት እርምጃ ሄድኩ። በየቀኑ እሱ ከፊቴ ወደ ኋላ እየሄደ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካኝ። ከወራት በኋላ መደገፊያውን በዱላ ቀየርኩት። ከእኔ በሦስትና በአራት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር ሁለተኛ ክፍል ገባሁ። ማንበብ ስለምችል መምህሩ ሌሎቹን እንዳስነብብ ያዙኝ ነበር። ሳቁብኝ፤ እኔም ክፍሉን አንደኛ ወጣሁባቸው።

ተአምር አልሆነም። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ወድቄ አንድ ጊዜ ተሰብሬያለሁ። አባቴ ደግፎ ሆሳዕና ወሰደኝ፤ እንደ ሌላው ልጅ ገጠመ። ቁመቴ አጭር ነው፤ ቀኝ እግሬ አሁንም ያጥራል። ይህን ሳልናገር ብቀር ውሸታም እሆናለሁ።

ሰባተኛውን መድኃኒት ከወሰድኩ በኋላ አዲስ አበባ ለምርመራ ሄድን። ዶክተሯ የጉልበቴን ራጅ ሰቀሉና አባቴን ጠሩት። “አባት፣ ይህን ይዩልኝ።” ከጉልበቴ በላይ አጥንቴ ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ከሌላው በላይ። “አጥንቷ እያደገ ሳለ መድኃኒቱን በወሰደች ቁጥር አንድ መስመር ይተዋል። ይቁጠሩት።”

አባቴ ተጠግቶ በጣቱ ቆጠረ። ሰባት ነበሩ። ዕድሜውን ሙሉ አጥንትን በቆዳ ላይ በዳበሳ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከውስጥ ጠንክሮ ሲሠራ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንደገና ቆጠረው። “ይህን ራጅ አገር ቤት ልውሰደው?” አለ። ሰጡት። እስከ ዛሬ ቤታችን ከፎቶዎቹ ጋር አለ፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ያየዋል። ታላቅ ወንድሙም አይቶታል። አባቴ ጣቱን ይዞ መስመሮቹን አስቆጠረው።

አጥንቴ ማደጉን ሲጨርስ መድኃኒቱ ቆመ። እናቴ ለጆሮዋ የሚሆን መሣሪያ አገኘች፤ ዛሬ ከጓሮ ሆኜ ብጠራት ትሰማለች። እኔ ጃጁራ ላይ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ይህንንም የጻፍኩት እዚያው ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው። አባቴ ወጌሻነቱን አልተወም፤ ግን ዶክተሯ የለመኑትን ሕግ አድርጎታል። በዚህ ምክንያት የተቀየሙት አሉ። ባለፈው ዓመት የሆነውን ልንገራችሁና ልጨርስ።

አንድ ባልና ሚስት የሁለት ዓመት ልጃቸውን ታቅፈው ከአዲሎ መጡ። ከምባታዎች ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በአማርኛ ነው የተነጋገሩት። የልጅቷ እግር ተሰብሯል፤ ከዚያ በፊት ክንዷ ተሰብሮ ነበር። አባቴ ዳበሳት። ከዚያ ፊቷን በቀስታ ወደ ብርሃን አዞረና ዓይኗን አየ።

“እንዳይነቃነቅ እደግፈዋለሁ” አለ። “አላስረውም። ሆሳዕና ሆስፒታል ትወስዷታላችሁ።”

ሰውየው ተቆጣ። “ወጌሻ ነው ተብለን አይደለም እንዴ የመጣነው? ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው ልትልከን ነው?”

አባቴ ወደ ቤት ዞሮ ጠራኝ። “ማርታ፣ ነይ እስቲ። እስከ አጥሩ ድረስ ሂጂና ተመለሺ።”

ዱላዬን በር ላይ አስደግፌ ወጣሁ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የባሰ ሰፋብኝ። እያነከስኩ እስከ አጥሩ ሄድኩ። ዞሬ ተመለስኩ።

“ይህች ልጄ ናት” አለ አባቴ። “እስክታድግ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብራለች። አንዱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ፣ ሳልጫናት። ቶሎ ብወስዳት ኖሮ እግሯ አይጎብጥም ነበር። አንተ እንደ እኔ አትዘግይ።”

ሚስቱ ናት ወደ እኔ የቀረበችው። የልጅቷን ራስ በእጇ ደግፋ፣ “መድኃኒቱ ያማል?” አለችኝ።

“የመጀመሪያው ጊዜ ትኩሳት አለው” አልኳት። “ከስብራት ግን አይብስም።”

ልጅቷን ቀና አድርጋ ታቀፈቻት። ባሏ ቦርሳውን አነሣ። አባቴ የልጅቷን እግር በቀርከሃና በጨርቅ ደግፎ ጨረሰ፤ ጣቶቿን ነካ ነካ አድርጎ ሙቀታቸውን አየ። ከዚያ ቤት ገብቶ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ፣ ከፊታቸውም ቀድሞ የሆሳዕናን መንገድ ያዘ።